ምርቃት ሳያልቅ የተነሣሁ ዕለት

ሰው "ወይኒቱ ምላሷ ረጅም ነው" ይለኛል። ይበል። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ አይደለም። የሚያናድደኝ፣ ያን እሑድ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሆነውን ነገር እዚህ ሐይቅ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ እንደመሰለው ሲያወራው መስማት ነው። አንዱ "ሼህ ሀሚዱን ተቆጥታ ምርቃታቸውን ረግጣ ወጣች" ይላል። ሌላው "ኧረ እሷስ ሊያመልጣት ሲል ነው የሮጠችው" ይላል። ወላሂ አንዱም ልክ አይደለም! ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ማለቴ አይግረማችሁ፤ ከሙሚና ጋር አንድ አጥር ተጋርቶ የኖረ ሰው ሌላ በምን ይምላል? ነገሩ የሚመለከተው ሰውዬም በቀደም "ንገሪያቸው፣ እኔ አሁን አላፍርም" ብሎ ፈቅዶልኛል። በሉ አንዴ ልንገራችሁና ይለይለት።

ነገሩ የመጣው በልጄ በመስታወት ነው። የሚሌኒየሙ ዓመት ነበር። መስታወት ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ግንቦት ገብቷል፤ የሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል። ልጄ ስለሆነች አይደለም፣ ጎበዝ ናት። ወንዶቹ ሳይቀሩ "ሒሳብ አስረጂን" እያሉ ደጃችን ላይ ይኮለኮላሉ። እሷም እንደ ትልቅ ሰው እግሯን አጣጥፋ "አላዳመጥክም፣ እንደገና" ትላቸዋለች። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፤ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ማን አስቀረሽ ብትሉኝ፣ ማንም። አንድ ቀን እግሬን አሞኝ ቀረሁ። በማግስቱ ሰነፍኩ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ስንት ቀን ቀርቼ እንዴት እመለሳለሁ ብዬ አፈርኩ። "ለምን ቀረሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እንዲሁ እንደቀረሁ ቀረሁ። ስለዚህ ልጅ "ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም" ሲል ሌላዋ እናት አንድ ቀን መስሎ ይታያታል። እኔ ግን ዕድሜ ልኩ ነው የሚታየኝ።

አንድ ማክሰኞ መስታወት ደወል ሳይደወል መጣች። እኔ ሐይቁ ዳር ካለችው የሽንኩርት መደባችን ላይ አረም እየነቀልኩ ነበር። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች። "ምነው በጊዜ?" ብላት በጎኔ አልፋ ወደ ውሃው ወረደችና ከነልብሷ ውስጡ ቁጭ አለች። ሮጬ ሄጄ ክንዷን ይዤ "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሒሳብ ላይ ሽንቷ መጣ። እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ልውጣ?" አለች። የሒሳብ መምህሯ በዕውቀቱ "ቁጭ በይ፣ ሲደወል ትወጫለሽ" አላት። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች። "መስታወት፣ ካንቺ እንኳ አልጠብቅም" አላት። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አፈረች። ይባስ ብሎ ክፍሉን ሁሉ ያስቸገረ ጥያቄ ነበርና "ነይ ውጪና ሰሌዳው ላይ ሥሪላቸው" አላት። ወጣች። ጠመኔውን እንደያዘች፣ ያ ሁሉ ልጅ ከኋላዋ እያያት፣ አመለጣት።

"ሒሳቡን ግን ጨርሼዋለሁ" አለችኝ እየተንሰቀሰቀች።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? አለቀስኩ።

በማግስቱ አልሄድም አለች። ሐሙስም አልሄድም አለች። "ሳቁብኝ እማዬ፣ ሁሉም ሳቁብኝ" ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። አባቷ ሽታው ዝምተኛ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከዓሣ ጋር የሚግባባ ሰው ነው። እሱም "ተያት፣ ዘንድሮ ትረፍና ለከርሞ ትፈተናለች" አለ።

"ለከርሞ!" ብዬ ጮህኩበት። "እኔም ለከርሞ እመለሳለሁ ብዬ ነው ይኸው እዚህ ሽንኩርት የማርመው!"

መረቡን አንሥቶ ወደ ታንኳው ሄደ። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ ወደ ትምህርት ቤቱ።

መምህር በዕውቀቱ ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! ክፉ ሰው ሰድቦ መምጣት ይቀላል። በዕውቀቱ ግን የቄስ ልጅ፣ ከሕፃንነቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አድጎ ድቁና የተቀበለ፣ ኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ገፍቶ መምህር የሆነ ጨዋ ልጅ ነው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሒሳቡን በቃሉ ይወጣዋል። እሱ ያስተማራቸው ልጆች ያልፋሉ፤ ወላጅ ሁሉ ይወደዋል። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ መምህር ነውና ደሜ ፈልቶም አንቱ ነው የምለው። ገና ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

"እትዬ ወይኒቱ፣ በመስታወት የሆነው ነገር በጣም አሳዝኖኛል" አለኝ።

"ካሳዘነዎትማ ለምን ከለከሏት?"

"ለአንዱ ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው። አብደላን ረሱት እንዴ?"

አልረሳሁትም። አብደላ የሙሚና ልጅ ነው። በጥቅምት "ሽንት ቤት ልሂድ" ብሎ ወጥቶ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባለው የአጥር ቀዳዳ ሾልኮ፣ ሊዋኝ ሐይቁ ገባ። ጭቃው እግሩን ይዞት ሊሰምጥ ሲል ነው የእኔው ሽታው ደርሶ ታንኳው ላይ ጎትቶ ያወጣው። ከእሱ በፊትም ስንቱ በሽንት እያመካኘ ሐይቅ ይወርድ ነበር። መምህር በዕውቀቱ "በሩ ከተዘጋ ማንም አይወጣም" ያለው ከዚያ ወዲህ ነው።

"ደግሞም" አለኝ፣ "ቅዳሴ ተገብቶ እትዉ በሰላም ሳይባል ይወጣል እንዴ? እኛ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታችን ቆመን ነው ያስቀደስነው። ሰውነት እኮ ያስለመዱትን ይለምዳል።"

"እናንተ ወንዶች ብቻ ነበራችሁ። ገዳሙ ውስጥ ሴት ልጅ አይተው ያውቃሉ?"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። መሬት መሬት እያየ "እሑድ የወላጆች ስብሰባ አለ" አለኝ። "እዚያ ያንሡት። ወላጅ ይፈቀድ ካለ እፈቅዳለሁ።" ይኼ ጨዋነቱ ነበር የበለጠ ያበገነኝ። የሚሰደብ ነገር አጥቼ ተመለስኩ።

ለመስታወት "እሑድ ሕጉን አስነሣልሻለሁ፣ ሰኞ ትሄጃለሽ" አልኳት።

"ሕጉ ቢነሣ ሳቁስ ይነሣል?" አለችኝ።

ምላሷን ከእኔ ነው የወረሰችው።

እሑድ ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ሣሩ ላይ ነጠላችንን ከበታች አድርገን። ዕለቱ እስጢፋኖስ ነበርና መምህር በዕውቀቱ በቀጥታ ከማኅበር ቤት ነው የመጣው። ማኅበርተኛ ለመምህር ጠላ ሲቀዳ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ "በሞቴ" እየተባለ ነው፣ እምቢ ማለት የለም። ፊት ለፊት ዳይሬክተሩ፣ ቄስ ኃይለ ሚካኤልና ሼህ ሀሚዱ ተቀምጠዋል። መምህር በዕውቀቱን ከሼሁ አጠገብ አስቀመጡት። እኛ ዘንድ ቄስ የከፈተውን ሼህ ይዘጋዋል፣ ሼህ የከፈተውን ቄስ ይዘጋዋል። የዕለቱን ስብሰባ ቄስ ኃይለ ሚካኤል በጸሎት ከፈቱ።

ተነሥቼ ተናገርኩ። የልጄን ስም አልጠራሁም፤ ባልጠራውስ ማን የማያውቅ አለ? "ሽንት ሲመጣ ደወል አይጠብቅም" አልኩ። "እናንተ ወንዶች እርሻ ላይ ስትሆኑ ማንን አስፈቅዳችሁ ነው ዛፍ ሥር የምትሄዱት? በሬውን?" ሰው ሳቀ። ደግ፣ ያዝኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። ከኋላ አንዱ ግን "እነዚህን ልጆች እኮ ሽንት አይደለም፣ ሐይቁ ነው የሚጠራቸው!" አለ። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ከዚያ ሙሚና ተነሣች። ጓደኛዬ፣ ጎረቤቴ፣ ሙሚና!

"ወይኒ እህቴ ናት" አለች። "ልጄን ከሞት ያወጣልኝ የእሷ ባል ነው፤ አላህ ምንዳውን ይክፈለው። ግን ሁለተኛ ያን ልጅ ውሃ ውሃ ሲተፋ ልየው? አልችልም። ሱሪው ይርጠብ እናንተዬ! ሱሪ ይታጠባል።"

በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይኼንኑ እል ነበር። መናደዴ ግን አልቀረም። መጥታ ከጎኔ ስትቀመጥ ፊቴን አዞርኩባት።

"ሕጉ ይቀጥል የምትሉ እጅ አውጡ" አለ ዳይሬክተሩ። የወጣው እጅ ጫካ ነው። "ይፈቀድ የምትሉስ?" እኔና ጥቂት ሴቶች። አለቀ። መምህር በዕውቀቱ እንኳ ደስ ያለው አይመስልም፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ስለ እሱም ስለ ሕጉም መጨነቅ ትቼ ነበር። ቤት ገብቼ ልጄን ምን እላታለሁ? ሰኞ ካልሄደች ማክሰኞም አትሄድም። ማክሰኞ ካልሄደች፣ ያን መንገድ እኔ በእግሬ ሄጄበታለሁ።

"በሉ እጃችሁን ዘርጉ" አሉ ሼህ ሀሚዱ።

ሼህ ሀሚዱ ሲመርቁ አይቸኩሉም። ከሰማዩ ጀምረው እስከ ጓሮው ጎመን ይወርዳሉ። ምርቃት እየተደረገ መነሣት ደግሞ እኛ አገር አይታሰብም። የተነሣ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ ምርቃት ይበትናል ይባላል። ክረምት ሊገባ፣ ዘር ሊዘራ ሲል ይኼን ማን ይደፍራል? ሕፃን ቢያለቅስ እንኳ እዚያው ጡት ይጎርሳል እንጂ ይዞት የሚወጣ የለም።

"ዝናቡን የምሕረት ያድርግልን!"

"አሚን!"

"በሬውን ከገደል፣ ጥጃውን ከጅብ ይጠብቅልን!"

"አሚን!"

"ሐይቁ ይስጠን እንጂ አይውሰድብን!"

"አሚን!" ሙሚና እዚህ ላይ ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

ይኼኔ ነው ዓይኔ መምህር በዕውቀቱ ላይ ያረፈው። እጁን ዘርግቷል፤ እግሩን ግን አጣምሮታል። ፈታው። መልሶ አጣመረው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። "አሚን" የሚለው ጥርሱን ነክሶ ነው። መጀመሪያ ያመመው መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ። የማኅበሩ ጠላ!

እሰይ! አልኩ በሆዴ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ራሰ። እንኳንም አጠጡት፣ ማኅበራቸው ይባረክ! ሰውነት ያስለመዱትን ይለምዳል አላለም? ይልመድ እንግዲህ!

ሼህ ሀሚዱ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ፤ ሊጨርሱ ነው። እኔ ላስጨርስ? "አባባ ሼህ!" አልኩ ከመሐል፣ "ለትምህርት ቤታችንም ይመርቁልን እንጂ!"

"እውነትሽን ነው ልጄ፣ ልረሳው ነበር" አሉ ደስ ብሏቸው። ትምህርት ቤቱን ከቆርቆሮው እስከ መሠረቱ መረቁት። ሰሌዳውን መረቁ። ደወሉን መረቁ። ቀዝቀዝ ሊሉ ሲሉ ደግሞ "ለመምህሮቻችንም አባባ ሼህ!" አልኩ። እሳቸው ይኼን ጊዜ የመምህር በዕውቀቱን እጅ ጥርቅም አድርገው ያዙት። ከአባቱ፣ ከአያቱ፣ ገና ካልተወለዱት ልጆቹ ጀምረው ይመርቁት ገቡ።

ሙሚና በክርኗ ጎሰመችኝ። "አንቺ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል? ከመቼ ወዲህ ነው ምርቃት እንዲህ የጣፈጠሽ?"

"ዝም ብለሽ አሚን በይ" አልኳት።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ሆን ብዬ ነው ያየሁት፣ ልስቅበት። ሳቁ ግን አልመጣም። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በግራ በቀኝ መውጫ ይፈልጋል፤ በግራም በቀኝም የሚያስተምራቸው ልጆች እናትና አባት ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ሰሌዳው ሥር የልጄን ፊት እኔ አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት፤ እንዲህ ነበረች። ይኼ ሰው እዚህ ቢያመልጠው ነገ በምን ዓይኑ ክፍል ይገባል? እሱም አንድ ቀን ይቀራል፣ በማግስቱ ያፍራል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ አዛውሩኝ ይላል። ይኼን ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ምርቃቱን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ ምንም አልመጣብኝም ነበር።

ብድግ አልኩ።

"አባባ ሼህ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ሽንቴ መጥቷል። ልውጣ?"

የሼህ ሀሚዱ ቃል አፋቸው ላይ ቀረ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል አማተቡ። ሙሚና ቀሚሴን ይዛ "ቁጭ በይ፣ አበድሽ እንዴ? በአላህ ቁጭ በይ!" ትለኛለች። ከወንዶቹ መሐል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፣ ዋርካው ሥር ያለው ሰው በሙሉ። ሰው እኔ ማፈር የማላውቅ ይመስለዋል። አፈርኩ። ፊቴ ነደደ፣ እስከ እግር ጥፍሬ ድረስ አፈርኩ። ግን አልተቀመጥኩም።

"መምህር" አልኩ፣ "ያን የሽንት ቤቱን በር ይምጡና ይክፈቱልኝ እንጂ! ሽቦው ያስቸግረኛል።"

በሩ በሽቦ ነው የሚታሰረው፤ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ይፈታዋል። መምህር በዕውቀቱ ግን እጁን ከሼሁ እጅ መንጭቆ ተፈናጠረ። ከእኔ ቀድሞ ሲሮጥ "ይኼ ልጅ ትሕትናው!" ሰዎቹ ሲሉ ሰማሁ። በሩን ከፈተልኝ? ኧረ ምን ብሎ! እሱው ገባ። እኔ ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ እንደ ዘበኛ ቆምኩ።

ሲወጣ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። "እትዬ ወይኒቱ፣ እግዜር ይስጥልኝ… እኔ…"

"ለእኔ ምንም አይበሉ" አልኩት። "እኔ ቅድም በሆዴ እየሳቅሁብዎት ነበር። የሚሉት ካለዎት ለመስታወት ይበሉ።"

ዞር ስንል ምን እናያለን? ሴቶቹ በሙሉ ተሰልፈው መጥተዋል። ከፊት ሙሚና። "ምርቃቱ እንደሁ ተበትኗል" አለች፣ "እኛስ ለምን እንቀራለን? እኔ እኮ ቄሱ ከከፈቱት ጀምሮ ነው የያዝኩት!" ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ ተያይዘን ሳቅን። ወንዶቹም ወደ አጥሩ ጥግ ተበታትነዋል። ሼህ ሀሚዱ ራሳቸው ኮዳቸውን ይዘው ከዚያ በኩል ሲመለሱ አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ።

"እኛ ዘንድ ሽንትን ይዞ መስገድ እንኳ የተጠላ ነው" አሉኝ። "መጀመሪያ ወጥተህ ተመለስ ነው የሚባለው።"

"ታዲያ ቅድም ክርክሩ ላይ ምነው ዝም አሉ አባባ?"

"ማን ጠየቀኝ? እኔን ለምርቃት ነው የጠራችሁኝ።"

ሁሉም ተመልሶ ሲቀመጥ መምህር በዕውቀቱ ቆመ። "ቅድም እጃችሁን ለእኔ ያወጣችሁ ወላጆች፣ እጃችሁን መልሱልኝ" አለ። "ሽንቱን የያዘ ሰው ምርቃት አይሰማም፣ ሒሳብም አይሰማም። ይኼን እኔ ቅድም…" ዓይኔን አፈጠጥኩበት፤ ነገሩን ዋጠው። "ከነገ ጀምሮ እፈቅዳለሁ።"

"የእኔስ ልጅ?" አለች ሙሚና። "ሐይቁስ?"

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ሲመለስ ክንዱን በጥፍሬ ጫር አደርገዋለሁ። ሐይቅ የገባ ቆዳ ነጭ መስመር ያወጣል። እናቴ እኔን የምትይዘኝ እንዲህ ነበር።" ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እናቱ ክንዱን ያልጫረችው የሐይቅ ልጅ የት አለና! ዳይሬክተሩ ደግሞ ወንዶቹን ይዞ ሄዶ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ አስጠቀጠቀ። ሼህ ሀሚዱ "በሉ አሁን አሳጥረዋለሁ" ብለው ምርቃቱን እንደገና ጀመሩት። አላሳጠሩትም።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ ያ አብደላ ነዋ፣ እግሩ አያርፍም። መስታወት የሽንኩርቱ መደብ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"እማዬ፣ እውነት ነው? ሰው ሁሉ ፊት 'ሽንቴ መጣ' አልሽ?"

"አልኩ።"

"ሳቁ?"

"ሳቁ እንጂ! ዋርካው እስኪነቃነቅ ነው የሳቁት።"

ትክ ብላ አየችኝ። "ግን አንቺ እኮ እስከ ማታ ትችያለሽ። ገበያ ውለሽ ስትመጪ እንኳ ሮጠሽ አታውቂም።"

ይቺን ልጅ ማታለል አይቻልም። ነገርኳት። ጠላውን፣ ላቡን፣ እኔ ምርቃቱን እንዴት እንዳስረዘምኩት፣ ለምን እንደተነሣሁ። እስከ ጠላው ድረስ ደስ ብሏት ነበር። ስጨርስ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

"ለእሱ? ለእሱ ብለሽ ነው?" የነቀለችውን አረም መሬት ላይ ወረወረችው። "ያምልጠው ነበር! ይሳቁበት ነበር! እኔ ላይ ሲሳቅ እሱ ምን አደረገልኝ?"

"እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነው ያልኩት" አልኳት።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ፊቱን አየሁት። ያንቺ ፊት ነው። አንቺ ሰሌዳው ጋ ስትቆሚ ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድ ሰው ብድግ ብሎ 'ቲቸር፣ እኔም መጥቶብኛል' ቢልልሽ ኖሮ…" አልጨረስኩትም።

ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያለፈው ሳምንት ለቅሶ አይደለም ይኼኛው፤ ያኛው ተደብቆ ነበር፣ ይኼኛው ወጥቶ የሚያልቅ ነው። ሽንኩርት በነካ እጇ ዓይኗን ጠረገችና ሲያቃጥላት ደግሞ "ኡፍ!" አለች። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ እያለቀሰች።

"ሲስቁብሽ ምን ተሰማሽ?" አለችኝ ኋላ።

"ነደድኩ። መሬት ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወጣሁ። ተመለስኩ። ቦታዬ ላይ ቁጭ አልኩ።"

"እዚያው? የሳቁት ሰዎች መሐል?"

"ሌላ የት ልቀመጥ ታዲያ? ቦታዬ እኮ ነው።"

ወደ መደቡ ጎንበስ ብላ አረሙን መንቀል ጀመረች፤ እኔም በሌላው መስመር ገባሁ። ፀሐይ ወደ አምባሰል ተራራ ስታዘቀዝቅ መስመሩ ጫፍ ላይ ተገናኘን። ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

"ነገ በጊዜ ቀስቅሺኝ" አለችኝ።

ቀሰቀስኳት። ሄደች።